በርካሽ የተሸጠ የእናት ሐዘን

አነስተኛ ገንዘብ ለደካማ የጥበብ ሥራ መሸፈኛ ከሆነ ቆይቷል። የአንድ ፊልም ሴራ ሲላላ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሲመሳሰሉ፣ ፍጻሜው ከመነሻው ጋር ሲጣላ፣ «ምን ይደረግ፣ በጀቱ እኮ ትንሽ ነበር» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ይህ ጥብቅና አብዝቶ የሚሰማው «የአራጅ ፊልም» ሊባል ስለሚገባው ዘር ነው፤ ማንነቱ የተሰወረ ገዳይ ወጣቶችን አንድ በአንድ በስለት እያሳደደ ስለሚጨርስበት፣ ከአሜሪካ ተነሥቶ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በሲዲና በእጅ ስልክ ዓለምን ስላዳረሰው የፊልም ዓይነት።

ለዚህ ዘር ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ሾን ካኒንግሃም አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕዝብ ያቀረበው «ዓርብ 13» ነው። (ዓመቱን በ13 ወር የሚቆጥር ሕዝብ ከ13 ቁጥር ምን እንደሚፈራ የፊልሙ ባለቤቶች አላሰቡበትም፤ አይፈረድባቸውም።) የፊልሙ አወላለድ ራሱ ብዙ ይናገራል። ካኒንግሃም የፊልሙ ድርሰት ሳይጠናቀቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 «ቫራይቲ» በተባለው የፊልም ንግድ ጋዜጣ ላይ የርእሱን ማስታወቂያ አወጣ። ርእሱ ገንዘብ ጠራ፤ ገንዘቡም ታሪክ ጠራ። ፊልሙ በ550,000 ዶላር ገደማ ተሠርቶ በአሜሪካ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገባ።

እንግዲህ የበጀቱ ምክንያት የሚፈርሰው ከሩቅ በመጣ ማስረጃ ሳይሆን በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዘር ውስጥ ባለ ሥራ ነው። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን የሠራው ከዚህም ባነሰ፣ ከ300,000 ዶላር በጥቂት ከፍ በሚል ገንዘብ ነበር። የገዳዩ ፊት ከሱቅ በ2 ዶላር ገደማ ተገዝቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ጭምብል ነው። ደም በፊልሙ ውስጥ እንደ ብርቅ ነው። ነገር ግን ካሜራው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰላማዊ በሚመስል መንደር፣ በአጥር ጥግ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተመልካቹ አደጋውን ከተጠቂዋ ቀድሞ ያያል፤ ልብ ሰቀላውም ከዚህ ዕውቀት ይመነጫል። ካኒንግሃም ከዚህ ሥራ የወሰደው ጭምብሉን እንኳ አይደለም፤ ስለቱን ብቻ ነው። እርግጥ የሜካፕ ባለሙያው የቶም ሳቪኒ እጅ የተመሰገነ ነው፤ ፍላጻ የሚበሳው አንገት እውነተኛ አንገት ይመስላል። ዳሩ ግን የተሠራው አንገት ከባለ አንገቱ ገጸ ባሕርይ የበለጠ ሕይወት ሲኖረው ድርሰቱ ምን ያህል እንደ ተራቆተ ይታወቃል።

የሚያስቆጨው ግን ይህ አይደለም። የሚያስቆጨው ፊልሙ በእጁ የነበረውን ዕንቁ አለማየቱ ነው። የታሪኩ ሥር እነሆ፦ እ.ኤ.አ. በ1957 ጄሰን የተባለ ሕፃን በአንድ የልጆች ካምፕ ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል፤ እንዲጠብቁት የተመደቡት ወጣቶች በራሳቸው ደስታ ተጠምደው ነበርና። እናቱ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ገዳዩ እርሷ ናት። ለትራዤዲ ከዚህ የበለጠ ምን ዘር ይፈለጋል? ለሌሎች ልጆች ምግብ ስታበስል የራሷ ልጅ ውኃ የበላባት እናት!

ይህችን ሴት ፊልሙ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ይደብቃታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ተመልካቹ የሚያየው እጅ፣ እግር፣ ቢላዋ ነው። ከዚያም ቀድሞ አንድም ጊዜ ያልታየች ሴት በድንገት ከመኪና ወርዳ «ነገሩ እንዲህ ነው» ትላለች። ይህ ምሥጢር መፍታት አይባልም፤ ማጭበርበር ነው፤ ለተመልካች ያልተሰጠ ፍንጭ ሊፈታ አይችልምና። ቤትሲ ፓልመር የተባለችው ተዋናይት ግን በተሰጧት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ድንቅ ነገር ትሠራለች፦ በሟች ልጇ ድምፅ ለራሷ ትናገራለች፤ ልጁ «ግደያት» ይላታል፤ እናቱም ትታዘዛለች። የአልፍሬድ ሂችኮክን የ1960 «ሳይኮ» የተመለከተ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። እዚያ ልጅ የእናቱን ልብስ ለብሶ በእናቱ ድምፅ ይናገራል፤ እዚህ ደራሲው ቪክቶር ሚለር ያንን ገልብጦ እናትን በልጇ ድምፅ አናገራት። ብልህ አሳብ ነው። ታዲያ ምን ተደረገበት? ጥቂት ግብግብ፣ ጥቂት ሩጫ፣ ከዚያም ራሷ በገጀራ ተቆረጠ፤ አዳራሹም አጨበጨበ።

ፊልሙን በወቅቱ የተቃወሙት ሁሉ ደግሞ ዒላማውን አልመቱም። የቺካጎው ሐያሲ ጂን ሲስከል የገዳይዋን ማንነት ሆን ብሎ በጽሑፉ ገለጠ፤ ለአከፋፋዩ ኩባንያ የበላይ አለቃና ለተዋናይዋም የተቃውሞ ደብዳቤ እንዲጎርፍ ቀሰቀሰ። ለሠራችው ሥራ ተዋናይትን በደብዳቤ ማሳደድ ሂስ አይደለም። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ፊልም ሲነሣ «ወጣቱን ያበላሻል» ከሚለው ውግዘት አልፎ የድርሰቱን ስንፍና የሚመረምር ጥቂት ነው። ውግዘት ለደካማ ፊልም ከማስታወቂያ የማይተናነስ ውለታ ይውልለታል።

ይህ ሁሉ ሸሕዲን ምን ይመለከታታል የሚል አንባቢ ይኖራል። ገንዳ ውኃ ተብላም የምትጠራው ሸሕዲ የሰሊጥና የጥጥ አገር ናት። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከደጋ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። ሜዳ ላይ ያድራሉ። በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ በሽታው ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያመነምናል፣ ካልታከመም ይገድላል። ከሠራተኞቹ መካከል ወደ ቀዬው ሳይመለስ የሚቀር አለ። እንዲጠብቀው የተመደበው ማን ነበር? ትኩሳት የያዘውን ልጅ ከማሳው አንሥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ የማን ፋንታ ነበር? የካምፑ ሐይቅና የሰሊጡ ማሳ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ፊልሙ ጥያቄውን ጀምሮ ጣለው።

የተቆረጠ ራስም በዚህ ምድር የሜካፕ ሥራ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የመተማ ጦርነት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቆስለው በማግሥቱ አረፉ፤ ደርቡሾች አስከሬናቸውን ማርከው ራሳቸውን ወደ ኦምዱርማን ወሰዱ። የድንበሩ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል። በዚያው በር ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ እናቶች ልጆቻቸውን እያዘሉ ገብተዋል። በሸሕዲ ለተቀመጠ ተመልካች ሐይቅ ዳር ገጀራ ይዞ የሚሮጥ ሰው ቢያስደነግጠው ለቅጽበት ነው፤ ከድንጋጤው በኋላ የሚያስበው ነገር አልተሰጠውም። የደከመ ሠራተኛ መዝናናት ይገባዋል የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ በላቡ ያገኛትን ሳንቲም ከፍሎ የሚያየው ሥራ ግን እርሱን የሚያከብር መሆን ይገባዋል ማለት ይህንን አይቃረንም።

ድሃ ፊልም ምን ሊሠራ እንደሚችል የኢትዮጵያ ሲኒማ ራሱ መስክሯል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት 3000 ዓመት» የቀረጸው በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ገበሬዎችን ተዋናይ አድርጎ ነው። እዚያም የምትሰጥም ልጅ አለች፦ የባላባቱን ላም ከደራሽ ውኃ ለማዳን ስትል የምትሞት እረኛ። እዚያም ግድያ አለ፦ መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚቆጠረው ክበበ ባላባቱን ይገድላል። ነገር ግን ከግድያው በፊት ተመልካቹ ልጅቷን ያውቃታል፤ ባላባቱ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚወርደውን ስድብ ሰምቷል፤ የእርሻውን ዝግታ በጫንቃው ላይ ተሸክሟል። ገዳዩ ከማን ጋር ምን እንዳለው እየታወቀ ፍርሃቱ አይቀንስም፤ ይብሳል።

«ዓርብ 13» ግን በ10 ዓመት ውስጥ 8 ጊዜ ተሠራ። ከ2ኛው ጀምሮ ገዳዩ ሰጥሞ ሞተ የተባለው ልጅ ራሱ ሆነ፤ በ3ኛው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ጭምብል አጠለቀ፤ ጭምብሉም ሸቀጥ ሆነ። ልጁ ካልሞተ እናቱ ስለ ምን አበደች? አዘጋጆቹ አልጠየቁም። ዛሬ በእጅ ስልኩ አጭር ፊልም ለመቅረጽ የሚነሣ የሸሕዲ ወጣትና የኪነት ክበቡን የሚመራ መምህር የሐሰት ደም ከመበጥበጣቸው በፊት ያችን የካምፕ ወጥ ቤት ሠራተኛ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀምጧት፤ ስም ይስጧት፤ ከሰሊጥ ማሳው ዳር ለሠራተኞቹ ቂጣ ስትጋግር፣ ልጇም ትኩሳቱ ሲጀምረው ያሳዩዋት።