ጎርፍ ሳይቀድም ቦዩ ይፈተሽ

የደጋው አርሶ አደር ማሳውን ሲያርስ ፈሰስ ማውጣትን አይዘነጋም። የፈሰሱ አቅጣጫና ውኃው የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ውኃው በጎረቤት ማሳ ላይ ከተለቀቀ ጠብ ይነሳልና። በከተማ ዳር በሚስፋፉ የመኖሪያ መንደሮች ግን ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ይታያል።

በጎንደር ከተማ ዙሪያ ትናንት እርሻና ግጦሽ የነበረ ተዳፋት ዛሬ በቆርቆሮ ጣሪያና በኮብልስቶን እየተሸፈነ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። የእርሻ መሬት ከዚህ ከፊሉን ይመጣል፤ ጣሪያና ንጣፍ ግን አብዛኛውን ወዲያው ይለቀዋል። ስለሆነም ቀድሞ ይበቃ የነበረ የመንገድ ቱቦ ለአዲሱ ጎርፍ ይጠባል። በደለልና በፕላስቲክ ከተደፈነ ጎርፉ ወደ መኖሪያ ቤት ይዞራል። ቱቦው ቢያሳልፈው እንኳ መውጫው ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ ከታች ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል።

ጉዳዩ በከተማው ወሰን አያበቃም። አንገረብና ቀሀ ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭም በደንቢያ በኩል ወደ ጣና ይፈስሳሉ። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደንቢያና በፎገራ የደረሰው ጎርፍም በርካታ አርሶ አደሮችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ አይዘነጋም።

በመሆኑም ሰኔ ከመግባቱ በፊት የከተማ አስተዳደሩና የአጎራባች ወረዳዎች ባለሙያዎች ቦዮችንና ቱቦዎችን ከላይ እስከ ታች አብረው በእግራቸው ሊፈትሹ ይገባል። ከላይ ምን ያህል መሬት ውኃውን እንደሚልክ፣ የቱቦው መግቢያ መከፈቱን፣ መውጫውም በማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ይመዝገብ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ፍተሻው ይደገም፤ ጎርፉ ራሱ የሄደበትን ያሳያልና። ከታች የሚያርሰው ገበሬም በፍተሻው ይገኝ፤ የውኃውን መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ለአዲስ መንደር ቦታ ሲሰጥም የጎርፍ መውረጃው እስከ ወንዝ ድረስ አብሮ ይታቀድ። በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት የሚሠራው እርከንና ክትር ከላይ በሚለቀቅ ጎርፍ እንዳይፈርስ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዕቅዱ ላይ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል። ደባርቅንና ዳባትን በመሳሰሉ ደጋማ ከተሞችም ጥንቃቄው ያው ነው።

ቱቦ መጥረግ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። በጎርፍ የሄደ አፈር ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ፍተሻው ዛሬ ይጀመር።