ትንንሽ ልጆች በየዕለቱ በኮምፒዩተር ይማሩ?

የሙግቱ ርእስ፦ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየዕለቱ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት መማር አለባቸው። (ዓመታቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊው ጸሐፊ፦ ይማሩ

በ2007 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን የከፈተው ሮኬትሺፕ የተባለ የትምህርት ቤቶች ድርጅት ኮምፒዩተርን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የዕለት ትምህርት አካል አደረገ። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የልጁን መልስ እያየ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀላል። ክፍል ሙሉ ልጅ የያዘ መምህር ለእያንዳንዱ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። የቁጥርና የፊደል ልምምዱን ኮምፒዩተሩ ሲያቀልለት ግን ወደ ኋላ የቀሩትን በትንንሽ ቡድን ለይቶ ለማስተማር ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍትሕ ነው። በመጋቢት 2020 በዚያው በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ሲዘጉ፣ ኮምፒዩተር የሌለው የሰባት ዓመት ልጅ መምህሩንም አጣ። ከተማው ኦክላንድ አንዲቫይድድ የተባለውን ዘመቻ የጀመረው ለተማሪዎች ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለማዳረስ ነበር፤ ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃክ ዶርሲም 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሀብታም ቤተሰብ መሣሪያውን ራሱ ይገዛል፤ ለድሃ ልጅ ትምህርት ቤት ካላቀረበለት ማንም አያቀርብለትም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበችው የልጆች ፕሮግራም «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ዛሬ በኢንተርኔት ኦክላንድ ድረስ ትደርሳለች። ቀኑን በእንግሊዝኛ የሚውል ልጅ ለልጆች ተብሎ የተሠራ አማርኛ የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው።

ተቃዋሚው ጸሐፊ፦ አይገባም

ትንሽ ልጅ የሚማረው በእጁ በመንካት፣ በመጠየቅና መልስ በመስማት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ወላጅም አብሮ እንዲያይ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ተመሳሳይ ገደብ አውጥቷል። ቤት ውስጥ ስክሪን የሚያይ ልጅ ትምህርት ቤት ሲጨመርበት ገደቡን በቀላሉ ያልፋል።

መሣሪያዎቹን የሚሠሩ ሰዎች ምርጫም ይመሰክራል። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2011 እንደዘገበው፣ የጉግልና የአፕል ሠራተኞች ልጆቻቸውን ሎስ አልቶስ ወዳለው ዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ይልኩ ነበር፤ ትንንሾቹ የሚማሩት በወረቀት፣ በእርሳስና በሹራብ ሥራ እንጂ በኮምፒዩተር አልነበረም። ሮኬትሺፕ ራሱም በኋላ ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ ከነበረበት የተለየ ክፍል አውጥቶ መምህሩ ወዳለበት ለማምጣት ሞክሯል። ልምምድ ያለ መምህር ዓይን ፍሬው ጥቂት ነውና።

ኢንተርኔቱ ደግሞ ገበያ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ብሩኖ የሆነው ዩቲዩብና ባለቤቱ ጉግል በ2019 የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስበዋል በሚል ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ራሱን ከዚህ ሊጠብቅ አይችልም።

የ2020ው ዘመቻ ለችግር ጊዜ ተገቢ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ልጁ የሚያስፈልገው መምህር ነው። ለአማርኛውም እንዲሁ ነው፤ ልጅ «ጠ»ን «ተ» ብሎ ሲያነብ ጸሐይ አትሰማውም፤ አያቱ ግን ወዲያው ያርሙታል። ፍትሕም ለድሃ ልጅ ተጨማሪ ስክሪን ሳይሆን ተጨማሪ መምህር መስጠት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ልጁ ማንበብና መጻፍ ከቻለ በኋላ ይምጣ።