የቦርዱ መታወቂያ የት ይቀመጥ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ትንንሽ የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያዎችን እያዘጋጀን ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ አንዱን በደንብ አስተካክለን፣ ሙሉ ፍላሹን ኮፒ አድርገን በቀሩት አምስቱ ላይ ጫንነው። ሁሉም ተነሡ፤ ደስ አለን። ኔትወርክ ላይ ስናገናኛቸው ግን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ኬብልና ስዊች ስንቀያይር ዋልን። ለካስ ስድስቱም አንድ ማክ አድራሻ ይዘዋል! የአንድን ሰው መታወቂያ ለስድስት ሰው አድለን ነበር።

ስህተቱ የእኛ ነው፤ አልክድም። ግን መታወቂያውን በየጊዜው ከሚቀየረው ሶፍትዌር ጋር አንድ ቦታ ያስቀመጠው ሰውስ? ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት እሱን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዩኤስቢ ላይ የሰካችሁት ዕቃ ሲጠየቅ "እኔ እንዲህ ነኝ" ብሎ ይመልሳል። በትንንሽ ቦርዶች ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቺፖች ግን እንዲህ አይናገሩም። የሙቀት መለኪያው በየትኛው መስመር እንደተገናኘ ከርነሉ በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ድሮ ይህ መረጃ ለየቦርዱ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ከርነሉ ውስጥ ይከተት ነበር። የኤአርኤም ቦርዶች ሲበዙ ኮዱ ተዝረከረከ፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተማረረበት። መፍትሔው ቀድሞ በፓወርፒሲ ላይ ይሠራበት የነበረው ዲቫይስ ትሪ ሆነ። የቦርዱ ዝርዝር በተለየ ፋይል ይጻፋል፣ ቡትሎደሩ ለከርነሉ ያቀብለዋል። አንድ ከርነል ለብዙ ቦርድ በቃ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉንም ነገር አንድ ቋት ውስጥ እንከታለን። እኔ ግን መረጃው ሦስት ዓይነት ነው እላለሁ።

1. ለአንድ ሞዴል ቦርዶች ሁሉ የጋራ የሆነ፦ የቺፖቹ ዝርዝርና አቀማመጥ። ቦታው ዲቫይስ ትሪ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ጋር ቢታደስ ችግር የለም።

2. የዚያ አንድ ቦርድ ብቻ የሆነ፦ ተከታታይ ቁጥር፣ ማክ አድራሻ፣ የመለኪያ ማስተካከያ። ቦታው ቦርዱ ላይ የተበየደች ኢኢፕሮም ወይም አንዴ ብቻ የሚጻፍበት የቺፑ ክፍል ነው። ማሻሻያ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

3. ተጠቃሚው የሚቀይረው፦ ከየት ይነሣ፣ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ የሚሉት። ቦታው የቡትሎደሩ ማስታወሻ ነው፤ ቢጠፋም ወደ መነሻው ይመለሳል።

ሁለተኛውን ከሌሎቹ ጋር መደባለቅ ምን እንደሚያመጣ የስልክ ጥገና ባለሙያዎቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚዲያቴክ ስልክ ላይ "ፎርማት ኦል" ብሎ የነካ ሰው ኤንቪራሙን አጥፍቶ፣ አይኤምኢአዩ የጠፋበትን ስልክ ለባለቤቱ ይመልሳል። ስልኩ ይበራል፤ መደወል ግን የለም።

"ኢኢፕሮም ወጪ ነው" የሚሉኝ አሉ። ወጪው አንዲት ትንሽ ቺፕ ናት፤ እኛ ያባከንነው ቀን ከእሷ ይበልጣል። "ባዶ ከሆነችስ?" የሚለው ጥያቄ ግን እውነት አለው። ቢግልቦን ላይ ዩ-ቡት የቦርዱን ማንነት የሚያነበው ከኢኢፕሮም ነው፤ ባዶ ኢኢፕሮም ይዘው አልነሣ ያሉ ቦርዶች ብዙ ሰው አስቸግረዋል። ስለዚህ መረጃው በቼክሰም ይጠበቅ፤ ካልተነበበም ቡትሎደሩ ቢያንስ እስከ ጥገና የሚያደርስ መነሻ ይኑረው።

ቦርድ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሰርኪዩቱን ከመሣላችሁ በፊት ይህችን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ነገ ፍላሹ በሙሉ ቢጠፋ ይህ ቦርድ ማን እንደሆነ ያውቃል? መልሱ "አያውቅም" ከሆነ ሥዕሉ ገና አላለቀም።

እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ እንወያይ። ቸር ሰንብቱ።