ፊቱ ምን አደረገ?

«የእነዚህ ሰዎች ፊት ፎቶ ላይ አይወጣም።» ስለ በርታ የዋዛ ነፊዎች ይህን ፍርድ ከፎቶ አንሺዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው (ስሙ ነው እንጂ ዋዛስ አይደለም)። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። ከፎቶው ላይ ሦስት ፊት ጠፋ ማለት ሦስት ድምፅ ጠፋ ማለት ነው።

ለመሆኑ እነዚሁ ሰዎች አሶሳ ሜዳ ላይ በጠዋት ፀሐይ ሲነፉ የጉንጫቸው መወጠር ሳይቀር እየታየ፣ አዳራሽ ሲገቡ ምን ዋጣቸው? ፊታቸው ተለወጠ? የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

በየሱቁ የሚገኘው የከለር ፊልም የተሠራው ለቀን ብርሃን፣ ለ5500 ኬልቪን ገደማ ነው። ባለ ክሩ የመድረክ አምፖል ግን 3200 አካባቢ ስለሆነ ቢጫና ቀይ ይበዛበታል። ቅሉ ዱባ መስሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ነጩ ጀላቢያ ደግሞ የካሜራውን መለኪያ ያታልለዋል፤ መለኪያው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ጥቁሩ ፊት ይሰጥማል። መለኪያውን ከፊቱ ላይ መውሰድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ፊልሙም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ኮዳክ ለቡናማ ቀለም የተጨነቀው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ካማረሩ በኋላ ነው። ለቸኮሌት!

ሰማያዊ ማጣሪያ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን 80ኤ የሚባለው ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል፣ 400 የነበረው ፊልም 100 ሆኖ ይቀራል። በ100 የሚጨፍር ሰው ማንሳት ጭጋግ ማንሳት ነው። የኔ ምርጫ ለአምፖል ብርሃን የተሠራ ፈጣን ፊልም ነው። ኮዳክና ፉጂ እንዲህ ያለውን ስላይድ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ከሲኒማ ፊልም የሚዘጋጀው ሲኔስቲል 800ቲ ግን ይገኛል። ውድ ነው። እሱ ከታጣ 800 ኔጌቲቭ ይገዛ፣ ብርሃን ሳይሰሰት ይሰጠው፤ ቢጫው ሲታተም ይታረማል። መድረኩ በቀይና በሰማያዊ መብራት ከተለወሰ ግን የሚያድን ፊልም የለም፤ መብራት አብሪውን ለምኑት።

ለሚቀጥለው ትርኢት የምትዘጋጁ ወዳጆቼ፣ ባለሱቁን «ይህ ፊልም ለየትኛው ብርሃን ነው?» በሉት። «ለሁሉም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።