ሞተሩን ከመክሰሳችን በፊት

የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ለካርት ቡድናችን አዲስ ሞተር ለመግዛት ከየአባሉ የወር የኪስ ገንዘብ መዋጮ እንዲሰበሰብ ሐሳብ ማቅረቡ ይታወቃል። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። «የሕክምና ተማሪ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?» የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ሆኖም የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይዤ ከመወዳደሪያው ሜዳ ዳር መቆም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነውና ያየሁትን ልናገር።

ቅሬታው ካርቷ ከጠባብ ኩርባ ስትወጣ ትታነቃለች፣ ጉልበት ያንሳታል የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሞተሩ አርጅቷል» ተባለ። ይህ ትኩሳት ያየ ሁሉ «ወባ ነው» እንደሚለው ነው።

ካርት ሞላም ባሌስትራም የላትም። ዲፈረንሻልም የላትም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል ስለ ታሰሩ ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ። በኩርባ ላይ ግን የውስጠኛው ጎማ መንገድ ከውጭኛው ያጥራል። ስለዚህ ውስጠኛው የኋላ ጎማ ለጥቂት ጊዜ ከአስፋልቱ ብድግ ካላለ አንዱ ጎማ ሌላውን ይይዘዋል፤ ሞተሩም ያቃስታል። ያንን ጎማ የሚያስነሣው መሪው ነው። የፊት ጎማ የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ያዘነበለ በመሆኑ፣ መሪው ሲጠመዘዝ ውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ ከብረት ቱቦ የተበየደው ሻንሲ ይጣመማል፣ ክብደቱም በሰያፍ ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ ይሻገራል። የሞላን ሥራ የሚሠራው ይኸው የቱቦው መጣመም ነው። አርት ኢንግልስ በ1956 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመጀመሪያዋን ካርት ሲሠራ የገጠመላት የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር፤ እኛ ግን ከሞተር በቀር ሌላ የምናይ አንመስልም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንሂስ፤ እኔም አለሁበት። ባለፈው ወር በአንድ ከሰዓት በኋላ የፊት ጎማዎቹን ስፋት፣ የኋላውን ስፋትና የጎማውን አየር በአንድ ላይ ለወጥን። ካርቷ ተሻላት፤ የትኛው እንዳሻላት ግን የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ማታ ስንመለስ ደግሞ ባሰባት። በዚህ በባሕረ ሰላጤው አገር ቀትር ላይ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ የጎማ አየር በሙቀት ስለሚጨምር የቀትሩን መለኪያ ከማታው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ፤ ሰዓቱን፣ የአየሩን ልክ፣ የተለወጠውን አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ።

በዚህ አኳኋን ከፊት ጎማዎቹ ውስጥ በግራም በቀኝም አንዳንድ ቀለበት ጨምረን ፊቷን ብቻ አሰፋን። ከጠባቡ ኩርባ ስትወጣ እስሩ ተፈታ። ያልተነገረው ነጂያችን «ሞተሩን ነካካችሁት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ! በሌላ በኩል ፊቷ እጅግ ስለ ያዘ በፈጣኑ ኩርባ ጀርባዋ መንሸራተት ጀመረ፤ ስለዚህ ወፍራሙን ቀለበት በቀጭን ቀየርነው። ሥራው አላለቀም፣ ግን አንድም ሳንቲም አላስወጣንም።

ስለ መቀመጫው ዝም ማለት አልችልም። ከካርቷና ከነጂው ጠቅላላ ክብደት ግማሽ ያህሉ ሰውየው ነው፤ መቀመጫውም ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ከፍታው ዝቅታው የካርቷን አያያዝ ይለውጣል። የእኛ መቀመጫ ለሌላ ሰው ወገብ የተገዛ ነው። አንድ ወንድማችን በኩርባ ላይ በመቀመጫው ጠርዝ የጎን አጥንቱን ተመትቶ በረዶ ይዤለት ሆስፒታል ሄድን። ራጁ ስብራት አላሳየም፤ ቢሆንም ሁለት ሳምንት ሳቅ ሲመጣበት ጎኑን ደግፎ ይሸሽ ነበር። የተጎዳ የሚመስለው ነጂም ሳያስበው ከኩርባው በፊት ፍሬን ይረግጣል፤ ይህንንም በሞተሩ ላይ አሳበናል።

የቡድኑ መካኒክ ፒስተኑና ቀለበቱ የሚቀየሩበት ሰዓት ደርሷል ማለቱ ትክክል ነው። ይህ ግን ጥገና እንጂ አዲስ ሞተር አይደለም።

ስለዚህ መዋጮው ለሁለት የልምምድ ቀን እንዲዘገይ፣ ገንዘብ ማውጣት የግድ ከሆነም ልክ የሆነ መቀመጫና የጎን አጥንት መከላከያ ሰደርያ እንዲቀድም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አቀርባለሁ። ደብተሩ መኝታ ክፍሌ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ከማታ ጥናት በኋላ ያንኳኳ።