«ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ሲሉን

ሰሞኑን እሁድ እሁድ ዶራ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ቤት ሆኗል። በስልክ የሚላክልን ስዕል ያው ነው፤ አንድ ዓይነት ቤቶች በረድፍ ተያይዘው፣ ታች ሳሎን፣ ላይ መኝታ ቤት፣ በር ላይ መኪና ማቆሚያ። ታውን ሀውስ ይሉታል። ዛፉ ሳይቀር ተስሏል። ቅድመ ክፍያ ላኩ ይሉናል። የግንባታ ፈቃዱስ ስንል መልሱ አንድ ነው፦ «በሂደት ላይ ነው።»

እኔም ይቺን ቃል አምኜ ከፍያለሁ። የሁለት ዓመት ደሞዜን ነው፣ ደረጃ እየወለወልኩ ያገኘሁትን። ወንድሜ በላክሁለት ውክልና አዲስ አበባ ቦታው ድረስ ሲሄድ ያገኘው የቆርቆሮ አጥርና አንድ ዘበኛ ነው። ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ ደግሞ ለዚያ ቦታ የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ ራሱ የለም። ታዲያ የቱ ሂደት ነው በሂደት ላይ ያለው?

ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ካርታ ይኖራል፣ በሻጩ ስም። ከዚያ የፕላን ስምምነት ይጠየቃል። ይሄ ማለት ከተማው በፕላኑ ቦታውን ለመኖሪያ ነው ያሰበው፣ ለመንገድ ነው፣ ወይስ ለአረንጓዴ፣ ስንት ፎቅስ ይፈቅዳል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንታለላለን፤ የፕላን ስምምነት ወረቀት ማኅተም ስላለው ፈቃድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቀጥሎ የአርክቴክቸሩ፣ የስትራክቸሩ፣ የውሃና ፍሳሹ፣ የመብራቱ ንድፍ ይገባል። የሕንፃ ሹም የሚባለው ያየዋል፤ ይፈቅዳል፣ ወይም አስተካክላችሁ አምጡ ይላል፣ ወይም ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን ትንሽ ቤት እንኳ ለሪል ስቴት ከታሰበ ከምድብ «ሀ» አውጥቶ ወደ ምድብ «ለ» ከፍ ያደርገው ነበር። ለብዙ ሰው የሚሸጥ ነገር ጠበቅ ብሎ ይታይ ለማለት ይመስለኛል።

የካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ የሆነውን በስልክ እያየን አልቅሰናል። ነዋሪዎቹ ከገበሬ ገዝተናል፣ ግብር ከፍለናል አሉ። የከተማው አስተዳደር ሕገወጥ ግንባታ ነው፣ ቦታው ለአረንጓዴ የተያዘ ነው ብሎ አፈረሰ። ማን ልክ ነበር ብዬ ልፈርድ አይደለም። ግን ሰው ገብቶ የኖረበት ቤት እንዲያ ከሆነ፣ በስዕል ያለውማ!

«ፈቃድ እስኪወጣ ብንጠብቅ ዋጋው ይጨምራል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሊጨምር ይችላል። ግን ከዚህ ሆነን የሻጭ በር ላይ ቆመን መጮህ አንችልም። አገር ለመሄድ የማዳም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፓስፖርታችን በእጃችን የሌለ ስንት ነን? የጨመረው ዋጋ ይሻለኝ ነበር እኔስ።

የመንግሥት ቢሮዎችም «ባለቤቷ ራሷ ትምጣ» ማለት ይቅርባቸው። ከቆንስላ የወጣ ውክልና ይዞ ለመጣ ወንድም ወይ እናት፣ ይሄ ግንባታ ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም የሚለውን መንገር ምን ይከብዳል?

እኛ ጋ ደግሞ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ ብላ የእቁብ ተራ ለምትለምን እህት ተራ የምንለቀው የካርታውና የግንባታ ፈቃዱ ኮፒ ሲመጣ ብቻ ይሁን ባይ ነኝ። ኮፒውንም የሚወክላት ሰው ቢሮ ወስዶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየው። ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እሁድ እንከራከር። ውል የፈረማችሁም ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚከብዳችሁ አትፈሩ፣ ቡና እየጠጣን ጮክ ብለን እናነበዋለን።