ጫማችንን አወለቅን፤ አፋችንንስ ማን ዘጋው?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አራት ተማሪዎች ለአንድ የክርክር ስብሰባ ወደ ባሕር ማዶ ተጉዘን ነበር። ስለ ስብሰባው የምንጽፈው ነገር የለም፤ እንደ ማንኛውም ስብሰባ ብዙ ተነግሮበት በጭብጨባ አልቋል። የምንጽፈው በመንገድ ላይ ስላየነው ነገር ነው። ለብዙ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኛን ግን ከተመለስን ወዲህ ከመኝታ ቤት እስከ ምግብ አዳራሽ ሲያከራክረን ሰንብቷል።

አውሮፕላን በምንቀይርበት ጣቢያ እንደገና ለፍተሻ ተሰለፍን። ከፊታችን ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አንዲት የአገራችን እናት ቆመው ነበር። ልጃቸው በሰው አገር ወልዳ ሊያርሷት መሄዳቸው ነው። የእጅ ቦርሳቸው በራጁ መሣሪያ ውስጥ ካለፈ በኋላ ፈታሹ ለብቻ አወጣውና ከፍቶ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ መዘዘ። በውስጡ ንጥር ቅቤ ነበር። «ይህ አያልፍም» አለ በእንግሊዝኛ። ከእኛ አንዱ አስተረጐመ።

«ልጄ፣ ቅቤ ነው እኮ፤ ንገረው» አሉ እናታችን። ነገርነው። «ፈሳሽ ነው፤ ከመቶ ሚሊ ሊትርም ይበልጣል» አለ። «የረጋውን ምን ፈሳሽ ይለዋል?» አሉ። ፈታሹ «ደንብ ነው» ብሎ መለሰ። እሳቸውም የነገሩ ምሥጢር የተገለጠላቸው መስሏቸው ክዳኑን ከፈቱና በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። በአገራችን ጠጅ አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ አንቆርቁሮ እንደሚቀምሰው መሆኑ ነው። ቀማሹ ካልተጎዳ ጠጪውም አይጎዳም፤ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ እሳቸው ባደጉበት አገር የለም። ፈታሹ ግን ዕቃውን ከእጃቸው ወስዶ የውሃ ጠርሙስና ሽቶ ወደ ሞላበት በርሜል ወረወረው። «ለአራሷ ነበር» ብለው ዝም አሉ። ከዚያም ጫማዎን ያውልቁ ተባሉ፤ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን አለፉ። እኛም ጫማችንንና ቀበቶአችንን አውልቀን፣ ሱሪያችንን በእጃችን ይዘን ተከተልናቸው።

ቅቤው እንዴት ወደ እጅ ቦርሳ እንደ ገባ በኋላ ጠየቅናቸው። ከአገር ሲነሡ ሻንጣቸው ኪሎ በልጧል ተብለው ነበር። መዛኙ «ጥቂት ዕቃ ወደ እጅዎ ያውጡ» አላቸው፤ እሳቸውም ከባዱን አወጡ። ሻንጣው ውስጥ ቢቀር ኖሮ ቅቤው ያለ ምንም ክልከላ ልጃቸው ዘንድ ይደርስ ነበር። እንግዲህ አንዱ ደንብ ገፍቶ ለሌላው ደንብ ሰጣቸው ማለት ነው፤ በሁለቱም ቦታ ምክንያቱን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አንባቢ ሆይ! እኛ የፍተሻ ጠላቶች አይደለንም። ለመሆንም ታሪክ አይፈቅድልንም። በኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወንበር የተነሡት ዋለልኝ መኰንንና ማርታ መብራቱ ከጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያን አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞክረው፣ በዚያው በሰማይ ላይ ከአውሮፕላኑ ጠባቂዎች በተተኰሰ ጥይት ሕይወታቸው አልፏል። ስለ ዓላማቸው በዚህ ግቢ ያልተባለ የለም፤ ጥይትና የእጅ ቦምብ መንገደኛ በሞላበት አውሮፕላን ውስጥ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ግን ከማንም በፊት እኛ ልናውቅ ይገባናል። ከዚያ አራት ሳምንት በኋላ፣ በታኅሣሥ 27 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ዘመን በበዛው ጠለፋ ምክንያት በአገሩ የሚሳፈር መንገደኛ ሁሉ ከነእጅ ዕቃው እንዲፈተሽ ያዘዘው ትእዛዝ በሥራ ላይ ዋለ። ያ ትእዛዝ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ደንቦችም ከባዶ አልተነሡም። በ1994 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት በኒው ዮርክና በዋሽንግተን የደረሰውን ዓለም አይረሳውም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 13 ቀን ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ አንድ ሰው በጫማው የደበቀውን ፈንጂ ለመለኰስ ክብሪት ሲጭር ተያዘ፤ ጫማ ማውለቅ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው አትላንቲክን በሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ሊሳፈሩ ያሰቡ ሰዎች ተያዙ። በመጀመሪያው ሰሞን ፈሳሽ ሁሉ ተከለከለ፤ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ዛሬ የምናውቀው ልክ ወጣ። እያንዳንዱ ዕቃ ከመቶ ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ከረጢት እንዲገባ ተባለ። ለሕፃን ወተትና ለመድኃኒት ብቻ ፈቃድ ተሰጠ። አሳቡም አንድ ሰው አደጋ ሊያደርስበት የሚችለውን የፈሳሽ መጠን ማሳነስ ነው። ፈታሹ በውስጡ ያለውን መለካት ስለማይችል የሚመለከተው የዕቃውን ልክ ነው፤ ስለዚህ በሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ጭላጭ ብቻ ቢቀር እንኳ ይጣላል። ማርም ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቈጠራሉ።

ይህን ያህል ለመናገር ረጅም ጊዜ አልፈጀብንም። ለእናታችንም በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻል ነበር። «ደንብ ነው» ማለት ግን ማስረዳት አይደለም። ሰውን ዝም ማሰኘት ነው።

የጸጥታ ነገር በምሥጢር መያዝ አለበት፤ ምክንያቱ ከተነገረ ጠላት ይጠቀምበታል የሚሉ አሉ። መሣሪያው እንዴት እንደሚያይ፣ ጠባቂው የት እንደሚቆም በምሥጢር ይያዝ፤ አንከራከርም። የመቶ ሚሊ ሊትሩ ምክንያት ግን በየጋዜጣው የወጣ ነው። ጠላት አስቀድሞ አንብቦታል። ያላነበቡት እኚህ እናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከእሳቸው የተሰወረው ምሥጢር ስለሆነ ሳይሆን፣ ሊነግራቸው የደከመ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ሁለተኛው አቤቱታችን አንድ ጊዜ የወጣ ደንብ ተመልሶ የማይመረመር መሆኑ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። በጫማ የመጣ አደጋ ቢኖር ጫማ፣ በጠርሙስ የመጣ ቢኖር ጠርሙስ ይታገዳል፤ እገዳው ይሠራ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የራሱን ፈታሾች ለመፈተን ሰዎቹን እንደ መንገደኛ አስመስሎ የተከለከለ ዕቃ አስይዞ ላከ፤ ጋዜጦች እንደ ጻፉት ከ70 ሙከራ በ67ቱ ዕቃው ሳይያዝ አልፏል። የአያቶች ቅቤ በሚለቀምበት በር የጦር መሣሪያ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጥብቅነቱ ለማን ነው?

የገዛ ታሪካችንም ትምህርት አለው። በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠልፈው ነዳጁ እስኪያልቅ አስበረሩት። በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ በእጃቸው የያዙት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ከዚያው ከአውሮፕላኑ የተወሰደ ነበር፤ ቦምብ ነው ያሉትም የመጠጥ ጠርሙስ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የአብራሪዎች ክፍል በር ከውጭ እንዳይሰበር ሆኖ ተሠራ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በየካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም ይሄድ በነበረ የአገራችን አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ዋናው አብራሪ ወጣ ሲል በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈው። ማንም አልተጎዳም፤ ይሁን እንጂ ለጠላፊ የተሠራው በር ባለቤቱን አስቀረ። ከዚህ የምንማረው ፍተሻ ከንቱ ነው ማለትን አይደለም። ደንብ ሁሉ የሰው ሥራ ስለሆነ እንደ ሰው ሥራ በየጊዜው ሊመረመርና ሊታረም ይገባዋል ማለትን ነው።

ሦስተኛው አቤቱታችን ከሁሉ ይከብደናል፤ እርሱም ስለ እኩልነት ነው። በአሜሪካ ጫማ የማውለቅ ደንብ በሁሉም ዘንድ ግዴታ ከሆነ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀረ። ነገር ግን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ሰው ጀርባውን አስመርምሮ፣ ለአምስት ዓመት ሰማንያ ዶላር ያህል ከፍሎ፣ ጫማውን እንዳደረገ በሌላ ሰልፍ ያልፍ ነበር። የእኛን ፓስፖርት ይዞ የዚያ አገር ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን ቢከፍልም አይፈቀድለትም። ታዲያ አደጋው ከጫማው ነው ወይስ ከፓስፖርቱ? የሰውነት መፈተሻ መሣሪያውም ወፍራም ጠጉርና የራስ መሸፈኛ ሲያይ ይጮኻል። ስለዚህ ሹሩባ የተሠራች እኅታችን በሰው ፊት ጠጉሯ ይዳበሳል፤ ከኋላዋ የቆመችው ጠጉረ ለስላሳ ግን እጇን አንሥታ ታልፋለች። በአውሮፓም ፈሳሽን መርምሮ የሚለይ አዲስ መሣሪያ የገዙ ጣቢያዎች አሉ፤ ያልገዙም አሉ። ስለዚህ ዛሬ በአንዱ ከተማ የሚያልፈው ጠርሙስ በሌላው ከተማ ይጣላል። ነጋዴና ዲፕሎማት ይህን ሁሉ በልምዱ ያውቃል፤ ቀበቶውንም ከቤቱ ሳያደርግ ይመጣል። ሸክሙ የሚወድቀው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ በምትበር እናት፣ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ በምትሄድ የገጠር ልጅ ላይ ነው። ምክንያቱን የማይናገር ደንብ የሚቀጣው ምንጊዜም የማያውቀውን ነው።

የሚቃወም ብቻ ሆነን እንዳንገኝ የምንለው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ሻንጣ በሚመዘንበት ቦታ፣ ዕቃ ወደ እጅ ቦርሳ ከመዛወሩ በፊት፣ ቅቤ፣ ማርና ጠበል ከሻንጣው እንዳይወጡ በቃል ይነገር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛም ተጽፎ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ጫማ የሚያስወልቅ ሁሉ ወንበርና ምንጣፍ ያዘጋጅ፤ ሰውነት የሚዳበስ ከሆነም ሴትን ሴት ከመጋረጃ ኋላ ትፈትሽ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ደንብ በተወሰነ ዓመት እንደገና ይመርመር፤ ከጥቅሙ ጣጣው ከበዛ ይሻር። አራተኛ፣ ፈታሹ «ደንብ ነው» ከማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮ እንዲናገር ይማር። ፈታሹም የሰው ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሺህ ሰው ቁጣ ይሰማል። ምክንያቱን ቢናገር ለእርሱም ቁጣው ይቀልለት ነበር።

ነገር ግን ወደ ሌላው ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት ስለ ራሳችን የምንናገረው አለ። በዚያ ሰልፍ ላይ አራት ሆነን ቆመን ነበር። ስለ ሕግና ስለ ሰው ክብር ልንከራከር የምንጓዝ፣ እንግሊዝኛውንም የምናውቅ፣ የደንቡንም ምክንያት ያነበብን ነበርን። የፈታሹን ቃል ለእናታችን አስተረጐምን፤ የእናታችንን ጥያቄ ግን አጥብቀን ለፈታሹ አላቀረብንም። ለእሳቸውም ምክንያቱን አልነገርናቸውም። አለቃው ይጠራልን፣ ወደ ሻንጣ የሚመለስበት መንገድ ካለ ይነገረን ብለን አልጠየቅንም። አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን ፈራን። «ዝም አይነቅዝም» ብለን ጫማችንን አሰርንና ሄድን። በማግሥቱ ደግሞ በመድረክ ላይ ስለ ሰው ልጅ ክብር ተናግረን ተጨበጨበልን።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለአየር መንገድ ሹማምንት ብቻ አይደለም። በዚህ ግቢ የአራቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች አለን፤ ማባዣ መኪናም አለን። በአንድ ገጽ ላይ በእጅ የሚያዘውንና በሻንጣ የሚገባውን ከነምክንያቱ ጽፈን፣ ለሚጓዙ ወላጆችና እኅቶች በየሰፈራችን ለማደል ከአንድ ቅዳሜ የበለጠ አይፈጅብንም። መሥራት የሚፈልግ ጓደኛ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በማኅበሩ ክፍል ያግኘን። ለእኚያ እናት ያልነገርናቸውን ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ለሚከተሏቸው እንንገር።